ልጆቹ እንደሚመጡ ይታወቅ ነበር

ነሐሴ ሲጋመስ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የወላጆች ጨዋታ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «እዚህ ሞልቷል፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለውን ሞክሩ ተባልን።» «የቀረው የከሰዓት ፈረቃ ብቻ ነው።» «አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት።» በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በጀሞ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ይዞ ይጨነቃል፤ ወረዳው ተጨማሪ ክፍል ይጠይቃል፤ የሚመጣው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ለዘንድሮ አይደርስም» የሚል ነው።

ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ድንገተኛ የሆነ ምንም ነገር የለውም። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ከተወለደ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚኖርበት ሕንፃም መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ፎቁ ወጥቶ፣ ዕጣ ተጥሎበት፣ ቁልፉ እስኪታደል ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ልጁም ቤቱም በመንግሥት መዝገብ ላይ ቀድመው መታየት የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን አገናኝቶ «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሰፈር፣ ይህን ያህል ልጅ ይመጣል» ማለት የትምህርት ቤት መቀመጫ ዕቅድ ይባላል። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም፤ ወላጆች ቢያውቁት ደግሞ ወረዳቸውን የሚጠይቁትን በትክክል ይጠይቃሉ።

መቀመጫ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዕቅድ ቋንቋ መቀመጫ ማለት ዴስክ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ በመለኪያው ልክ ተማሪ ያለበት ክፍል፣ የሚያስተምረው መምህር፣ መጽሐፍ፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ሲያገኝ፣ ያም በእግሩ ደርሶ በሚመለስበት ርቀት ላይ ሲሆን መቀመጫ አገኘ ይባላል። በአዲስ አበባ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋም አለ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ በአንዱ ቋንቋ የተረፈ መቀመጫ በሌላው ለሚማር ልጅ መቀመጫ አይሆነውም።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ የሚለው ነው። ይህ የተማሪና የክፍል ጥምርታ ይባላል። ጥምርታው የትምህርት ቤቱ ወይም የወረዳው አማካይ ስለሆነ ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስምንተኛ ክፍል 35 ተማሪ፣ አንደኛ ክፍል 75 ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት አማካዩ ደህና ሊመስል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጨናነቁት የታችኞቹ ክፍሎች ናቸው፤ ፊደል የሚቆጠረውና ማንበብ የሚጀመረውም እዚያው ነው። ስለዚህ አማካዩን ለሚነግራችሁ ሰው «አንደኛ ክፍል ስንት ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ አስከትሉ።

ከጥምርታው የባሰ እጥረቱን የሚሸፍነው ፈረቃ ነው። ጠዋት አንዱ ቡድን፣ ከሰዓት ሌላው ሲገባ አንዱ ክፍል በወረቀት ላይ ሁለት ይሆናል። ፈረቃ ብዙ ልጆችን ከመንገድ እንዳዳነ አልክድም፤ ክፍል በሌለበት አገር አማራጩ ቤት መቅረት ነበርና። ነገር ግን ልጁ የሚያገኘው ግማሽ ቀን ነው። እናትና አባት ሥራ በሚውሉበት የኮንዶሚኒየም ኑሮ ደግሞ ቀሪው ግማሽ ቀን ከአራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ወይም ከታላቅ እህቱ ጋር የሚያልፍ ነው፤ እህቲቱ ራሷ የሌላው ፈረቃ ተማሪ ልትሆን ትችላለች። ፈረቃ ለሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ተብሎ ይጀመርና አሥር ዓመት ይቆያል። አንድ ከተማ የመቀመጫ እጥረት እንደሌለበት ሲናገር ቁጥሩ በሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ እጥፍ ነውና።

ልጆቹን ማን ይቆጥራቸዋል?

የመጀመሪያው ምንጭ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሆን ነበረበት። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን፣ የአዲስ አበባ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ቀጣዩ ለ2011 ታቅዶ ተራዘመ። በዚህ መካከል ምን እንደሆነ አስቡ፦ በ1999 ዓ.ም. አራስ ሆኖ የተቆጠረው ልጅ ዛሬ የ12ኛ ክፍልን ዕድሜ ጨርሷል። አሁን በትምህርት ዕድሜ ላይ ካሉት ልጆች አንዱም በቆጠራው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳም በዚያ ቆጠራ ጊዜ እርሻ እንጂ ሺህ ቤተሰብ የሰፈረባቸው ሳይቶች አልነበሩም። ከቆጠራው ተነስተው የሚሠሩ ትንበያዎች ለአገር ወይም ለክልል ጠቅላላ ቁጥር ይጠቅማሉ፤ የትኛው ሰፈር ስንት የሰባት ዓመት ልጅ እንዳለው ግን ሊነግሩን አይችሉም።

ሁለተኛው ምንጭ የልደት ምዝገባ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በሐምሌ 2008 መጨረሻ ሥራ ጀምሯል። ልደት በጊዜው ቢመዘገብና የወላጆቹ የመኖሪያ ወረዳ አብሮ ቢታደስ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የዛሬ ሰባት ዓመትን አንደኛ ክፍል አሁን ማየት ይችል ነበር። ብዙ ቤተሰብ ግን የልደት ካርድ የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ሲጠይቀው ነው። ያን ጊዜ መዝገቡ የሚነግረን ቀድሞውኑ በር ላይ የቆመውን ልጅ ነው። የልደት ምዝገባን እንደ ወረቀት ጣጣ የሚያየው ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ፦ በሦስት ወሩ የተመዘገበ ልጅ ለሠፈሩ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተሰጠ ማሳሰቢያ ነው።

ሦስተኛውና በእጃችን ያለው ምንጭ የትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው መዝገብ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች የተማሪውን ቁጥር በክፍል፣ በፆታና በዕድሜ ሞልተው ወደ ላይ ይልካሉ። ይህ በዚያ ዕድሜ ላይ አሉ ተብለው ከሚገመቱት ልጆች ጋር ሲነጻጸር ጥቅልና ንጥር ተሳትፎ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ንጥሩ የሚቆጥረው በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ሆነው የተመዘገቡትን ብቻ ነው። ጥቅሉ ዘግይተው የገቡትንም ሆነ የደገሙትን ሁሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። በዜና «የትምህርት ተሳትፎ 105 በመቶ ደረሰ» ሲባል ከልጆች በላይ መቀመጫ ተገኘ ማለት አይደለም። አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ልጆች በሰባት ዓመት ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ክፍል የማይታዩ፣ ጨርሶ ያልተመዘገቡ ልጆችም ሊኖሩ ይችላሉ።

ከመዝገቡ ሌላም ነገር ይነበባል፤ ይህን ማንኛውም ርዕሰ መምህር በአንድ ከሰዓት ሊያደርገው ይችላል። አምና አንደኛ ክፍል 300 ልጆች ነበሩ እንበል። ከእነዚህ የደገሙትና ያቋረጡት ተቀንሰው ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል የሚጠበቁት 270 ናቸው። ሁለተኛ ክፍልን የሚደግሙት ሳይቆጠሩ ገብተው የተገኙት ግን 330 ቢሆኑ፣ 60ዎቹ መሸኛ ይዘው ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ይህን በየክፍሉ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ያሰላ ትምህርት ቤት ሰፈሩ በየዓመቱ ስንት ልጅ እየጨመረ እንደሆነ፣ በየትኛው ዕድሜ ላይ እንደሚበረታም ያውቃል። በአሮጌ ሰፈር ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ አዲስ ሰፈር ላይ በየክፍሉ ያብጣል። ርዕሰ መምህራን ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ዕውቀቱ ግን ሠንጠረዥ ሆኖ ወደ ክፍለ ከተማ ሲወጣ ብዙም አይታይም።

እድገቱ ከየት ይመጣል?

ስለ መቀመጫ እጥረት ሲወራ ብዙ ሰው «ሕዝቡ ስለበዛ ነው» ይላል። ለአገሪቱ በጥቅሉ እውነት አለው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው በአገር ደረጃ 4.6 ልጅ መሆኑን አሳይቷል። የአዲስ አበባ ቁጥር ግን 1.8 ነበር፤ አንድ ሕዝብ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው ሁለት ልጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋና ከተማችን ያደገችው በወሊድ ብቻ ሳይሆን ከሌላ ቦታ በሚመጣ ሰውም ነው። በውስጧ ደግሞ ሰው ከመሀል ወደ ዳር እየሄደ ነው።

ይህ ለዕቅዱ ትልቅ ትርጉም አለው። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ዳር ሲሰፍር፣ ቀድሞ የነበረበት ሰፈር ትምህርት ቤት ላይ ባዶ ዴስክ ይቀራል፤ የደረሰበት ሰፈር ላይ ወረፋ ይፈጠራል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራ የሄዱት የትምህርት ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ነበር። የከተማው ጠቅላላ የተማሪ ቁጥር በአንድ ልጅ እንኳ ሳይጨምር የመቀመጫ እጥረት ሊፈጠር የሚችለው እንዲህ ነው። ጠቅላላውን መቀመጫ ለጠቅላላው ልጅ አካፍሎ «ይበቃል» የሚል ሪፖርት ይህን አያይም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ልደታ ያለ ባዶ ዴስክ ላይ ሊቀመጥ አይችልምና። አንዳንድ ወላጅ ያደርገዋል፤ ልጁን በጨለማ ቀስቅሶ በሁለት ታክሲ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ ይመልሰዋል። ያ ልጅ በዳሩ ሰፈር መዝገብ ላይ ስለማይታይ የዳሩ እጥረት ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይቆጠራል።

በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ አዋሳኝ ያሉ ሰፈሮችም የራሳቸው ችግር አለባቸው። የአስተዳደር ወሰን ልጆች የሚራመዱበትን መንገድ አይከተልም፤ ሁለት ትምህርት ቢሮዎች በየራሳቸው ሲቆጥሩ በወሰኑ ላይ ያለ ልጅ ሁለቴ ሊቆጠር ወይም ከሁለቱም ሊያመልጥ ይችላል። ቢያንስ የአዋሳኝ ወረዳዎች የምዝገባ ሰዎች በየዓመቱ መዝገባቸውን ይዘው አብረው መቀመጥ አለባቸው።

የሐዋሳን ነገር ደግሞ ለየት አድርገን እንየው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ በኋላ ወደ ከተማዋ የመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ልጅ ያልያዙ። የዚያን ጊዜ የአንደኛ ክፍል መዝገብ ያየ ሰው ፓርኩ በትምህርት ቤቶች ላይ ያመጣው ጫና የለም ሊል ይችል ነበር። ግን ከእነዚህ ወጣቶች ከተማው ውስጥ የቀሩት ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸው ሰባት ዓመት ሲሞላቸው መዝገቡ ላይ ይታያሉ። ፋብሪካ ወጣት ሠራተኛ ሲስብ የትምህርት ቤት ጥያቄው አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ወሊድና ክትባት የሚመዘገብባቸው ጤና ጣቢያዎች ይህን ማዕበል ከትምህርት ቢሮ በፊት ያዩታል። በአንድ ወረዳ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ቁጥር ለዚያ ወረዳ የመዋዕለ ሕፃናት ዕቅድ ከማንኛውም ትንበያ የተሻለ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፖሊሲም በአንድ ጊዜ ልጅ ያመጣል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ካነሣ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ በ2002 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ ሲጀመር ቤት ይቀሩ የነበሩ ልጆች መጡ፤ ያቋርጡ የነበሩትም ቆዩ። በ2015 የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት አካቶ ቀጥሎ ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት በሚል አዋቅሯል። እነዚህ ሁሉ ደስ የሚያሰኙ ውሳኔዎች ናቸው። ውሳኔው በታወጀ ማግሥት ግን የክፍል ቁጥር ስሌቱም አብሮ መታረም አለበት፤ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት የሕፃናት ዓመት ሲጨመር ለእነሱ የሚሆን ክፍልና አነስ ያለ መጸዳጃ ከሆነ ቦታ መምጣት ስላለበት።

የአንድ ሳይት ስሌት

ቁጥሩን በእጃችን እንሥራው። ሁሉም ግምት ነው፤ አሠራሩን ለማሳየት ነው። 5,000 ቤት ያለው ሳይት ቁልፉ ሊታደል ነው እንበል። በአንድ ቤት አራት ሰው ቢኖር 20,000 ነዋሪ ይሆናል። በእያንዳንዱ ነጠላ ዕድሜ ላይ ከመቶው ሰው ሁለቱ ቢገኙ በየዕድሜው 400 ልጅ አለ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል 2,400 ልጆች ማለት ነው፤ በ50 ሲካፈል 48 ክፍል። ይህ እያንዳንዱ 24 ክፍል ያለው ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ለሰባተኛና ስምንተኛ 800 ልጆች 16 ክፍል ይፈልጋሉ። ለሁለተኛ ደረጃ 1,600 ልጆች በ40 ሲካፈሉ 40 ክፍል። ለሁለቱ የቅድመ አንደኛ ዓመታት በ40 ብናሰላ 20 ክፍል። ድምሩ 124 ክፍል ነው፤ ያውም ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የመመገቢያ አዳራሹን ሳንጨምር።

አሁን ግምቱን ትንሽ እናንቀሳቅሰው። በየዕድሜው ያለው ከመቶ ሁለት ሳይሆን ሁለት ተኩል ቢሆን ለአንደኛ ደረጃ ብቻ 60 ክፍል ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ክፍል ልዩነት ከአንዲት ግማሽ ሰው መጣ። ወይም ከልጆቹ ሩቡ ወደ ግል ትምህርት ቤት ቢሄድ 48ቱ ወደ 36 ይወርዳል። የግል ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ብዙ ልጅ ይይዛሉ፤ ክፍያቸው ሲጨምር ወይም የወላጅ ገቢ ሲቀንስ ግን ልጁ በአንድ ክረምት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይዞራል። ስለዚህ «ሩቡ ወደ ግል ይሄዳል» ብሎ ያቀደ ሰው ሩቡ ቢመለስስ የሚለውንም ማሰብ አለበት።

ግምቱን ማስተካከያው መንገድ ቅርብ ነው። ለኮንዶሚኒየም በ1997ም ሆነ በ2005 የተመዘገበ ሰው ሁሉ ስሙን ሰጥቶ፣ በባንክ እየቆጠበ ዓመታት ጠብቋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ውል ሲፈርም ፊት ለፊት ጸሐፊ ተቀምጧል። «ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ ልጆች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ቤቱን ይገቡበታል ወይስ ያከራዩታል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ የትምህርት ቢሮው የሳይቱን የዕድሜ ስብጥር ቁልፍ ከመታደሉ በፊት ያገኘው ነበር። የኪራዩ ጥያቄ የግድ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆጠበ ባለቤት ልጆቹ አድገው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን የሚከራየው ግን አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት፣ ወይም ሕፃን የያዘ ወጣት ቤተሰብ ነው። በአዳዲስ ሳይቶች የመጀመሪያው ጫና መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ክፍል ላይ የሚያርፈው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ቡድን ዘጠነኛ ክፍል በር ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

መሬትና ጊዜ

ክፍል ለመገንባት መሬቱ ነጻ መሆን አለበት፤ ከዚያ ዲዛይን፣ ጨረታ፣ ግንባታ፣ ርክክብ አለ። ሁሉም ሳይስተጓጎል ቢሄድ እንኳ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀላል ነው። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲወደድ ኮንትራክተሩ ይቆማል፤ ከዚያ የዋጋ ማስተካከያ ክርክር አለ። መምህር ለማሠልጠንም ዓመታት ያስፈልጋሉ። ቁልፉ ሲታደል የተጀመረ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያዎቹ ልጆች አይደርስም፤ ሳይቱ ሲነደፍ የተጀመረ ግን ይደርሳል።

ቤቱን የሚሠራው መሥሪያ ቤት አንድ፣ ትምህርት ቤቱን የሚሠራው ሌላ መሆኑ እዚህ ላይ ይጎዳል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ከብሎኮቹ ጋር አብሮ አስቦ ሠርቷል። ይህ የነዋሪውን ኑሮ በደንብ ያየ ዲዛይን ነው። ትምህርት ቤቱ ግን በካርታው ላይ ቦታ ቢያዝለትም በጀቱና ጊዜው በሌላ ቢሮ መዝገብ ላይ ነው፤ ቦታው ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር ሌላ ጥቅም የሚፈልገው ይበዛል። አንዴ ሌላ ነገር ከተሠራበት በዚያ ሰፈር ሌላ ሄክታር ማግኘት ከባድ ነው። ካሳና ምትክ ቦታ ከግንባታው በላይ ይፈጃል። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ ይዟል፤ ትምህርት ቤት ከቤትና ከንግድ ጋር የሚሻማው በዚህ በመጨረሻው ድርሻ ውስጥ ነው። ለመንገዱና ለአረንጓዴው የተሰጠው ዓይነት ጥበቃ ለትምህርት ቤት ቦታም ቢሰጥ ትክክል ይመስለኛል።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዘው ለማየት እንግሊዝን ላንሣ። እዚያ የ1996 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች በአካባቢያቸው በቂ ትምህርት ቤት እንዲኖር የማድረግ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ ግዴታ ያለበት አካል በስም ይታወቃል ማለት ነው። አዲስ መንደር የሚገነባ ድርጅት የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ ከመቶ ቤት ስንት ተማሪ እንደሚወጣ ያሰላል፤ በዚያ ልክ ድርጅቱ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ወይም ቦታ እንዲሰጥ በውል ሊያስገድደው ይችላል። በሕፃናት ክፍሎች በአንድ መምህር ከ30 ልጅ በላይ እንዳይሆን ሕግ አለ። ይህ ሁሉ እያለም ተሳስተዋል። በእንግሊዝና ዌልስ በ2001 እ.ኤ.አ. 595 ሺህ ገደማ የነበረው የዓመቱ ወሊድ በ2012 ወደ 730 ሺህ ደረሰ፤ ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ተነቃይ ክፍል እየተከሉ ልጅ ተቀበሉ። ከዚያ ወሊዱ ቀነሰ፤ አሁን ለንደን ውስጥ ልጅ አጥተው የሚዘጉና የሚዋሐዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ለእኛ ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግንባታን ማዘግየት አይደለም። ወሊዱ 1.8 በሆነ ከተማ አንደኛ ደረጃ ዛሬ የሞላ ሳይት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ልጆቹ አድገው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሕንፃው ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሊዞር በሚችል መልክ፣ የክፍሉ ስፋትና የደረጃው አሠራር ለትልልቅ ልጆችም እንዲሆን ተደርጎ ቢሠራ አንዱ ሕንፃ ያንኑ ትውልድ ተከትሎ ያድጋል። በመሀል ከተማ ልጅ የሸሻቸው ግቢዎችም ለመሸጥ ወይም ለሌላ ሥራ ከመሰጠታቸው በፊት ሙሉ ቀን ማስተማር፣ ቅድመ አንደኛ መክፈት፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስፋት የሚችሉ ናቸው።

በጀቱ ከምዝገባው ይቀድማል

በመጨረሻ የሚቀረው የወላጅ ድርሻ ነው፤ እሱም ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ወረዳው ለቀጣዩ ዓመት የሚያስፈልገውን መምህር፣ ዴስክና የክፍል ጥገና አስልቶ የሚያቀርበው ከዚያ ወራት ቀድሞ፣ ገና በበጋው ነው። ወላጅ ልጁን ይዞ የሚመጣው ደግሞ በክረምቱ ነው፤ ብዙው በነሐሴ መጨረሻ፣ አንዳንዱም በጳጉሜን። ያን ጊዜ በጀቱ ተዘግቷል። ርዕሰ መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው ያለውን ክፍል ማጨቅ ወይም ሁለተኛ ፈረቃ መክፈት ነው።

ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት ይህን ጉዳይ የሚያነሣበት ወር ጥር እንጂ ነሐሴ አይደለም። ኅብረቱ ከሳይቱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጋር ሆኖ በየብሎኩ የሚኖሩ ልጆችን በትውልድ ዓመት መዝግቦ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማውጣት ይችላል፤ በየብሎኩ አንድ ተጠሪ ካለ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ተከራዩ እንዳይዘለል፤ ልጅ ያለው እሱ ነው። ሠንጠረዡን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገብቶ ቁጥር ማሰጠት፣ ግልባጩን ለክፍለ ከተማው ማድረስ ያስፈልጋል። አብሮም ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ለመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ስንት ተማሪ ታቅዷል፣ በፈረቃ ነው ወይስ በሙሉ ቀን፤ በሳይቱ ፕላን ላይ ለትምህርት ቤት የተያዘው ቦታ የትኛው ነው፣ ካርታ ወጥቶለታል ወይ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በአካባቢው ቁልፍ የሚታደልባቸው ቤቶች ስንት ናቸው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱስ ይህን ቁጥር ከቤቶች ልማት በደብዳቤ አግኝቷል ወይ። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ «አላገኘንም» ከሆነ የሚቀጥለው ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ ታውቋል፤ ከጥር እስከ ሐምሌም ለመልሱ በቂ ጊዜ አለ።